ነገሌ የቀሩት ሻለቃ

ሻለቃ ይመር ማረፋቸውን የነገሩኝ ሐጂ ኑር ናቸው። ጠዋት ምግብ ቤቴን ከፍቼ ወንበሮቹን እያወረድኩ ሳለሁ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቃቸው ወጥተው መጡ። ሐጂ ሲመጡ ገና ከደጅ "አካም፣ ናጋ?" የሚለው የኦሮምኛ ሰላምታቸው ይቀድማቸዋል። ያን ቀን ግን ዝም ብለው ገቡና አንዱን ወንበር ሳቡልኝ።

"አስካለ፣ እስኪ ተቀመጪ።"

"ምነው ሐጂ? ምን ሆኑ?"

"አባ ቢሻን ሄደ።"

አባ ቢሻን በኦሮምኛ የውኃ አባት ማለት ነው። በአሬሮና በፊልቱ መንገድ ሻለቃ ይመር ብትሉ ግራ የሚጋባ አይጠፋም። አባ ቢሻን ካላችሁ ግን ግመል ጠባቂውም፣ ነጋዴውም፣ የኬላ ዘበኛውም ያውቃቸዋል። ሐጂ ኑር ልጅ አዋቂ ሳይሉ ሰውን ሁሉ አንቱ የሚሉ ሰው ናቸው፤ አንቺ የሚሉት እኔን ብቻ ነው፣ እንደ ልጃቸው ስለሚያዩኝ። ሻለቃን "ሄደ" ሲሉ የሰማኋቸው ያን ጠዋት ብቻ ነው። አንቱታው የተዋቸው ኀዘኑ ቢከብዳቸው ነው።

ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። እውነቱን ለመናገር፣ እኚያ ሰው እንደ ማንኛችንም ይሞታሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ያወቅኳቸው የወታደር ሚስት ሳለሁ ነው። ባለቤቴ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ከአዳማ ተከትዬው መጥቼ ጦር ሰፈሩ ውስጥ ከተደረደሩት የቆርቆሮ ቤቶች በአንዱ እንኖር ነበር። ሻለቃ ይመር የመሐንዲስ ክፍል መኮንን ነበሩ። መንገድ የሚያስጠርጉት፣ ድልድይ የሚያሠሩት፣ የሰፈሩን የውኃ ሞተር የሚያስጠግኑት እሳቸው ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠይም። ሚስታቸው ወደ ነገሌ ከመዛወራቸው በፊት ሞታባቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አላገቡም። አንድ ነገር ስትጠይቋቸው ወዲያው አይመልሱም። ኮፍያቸውን ያወልቁና መልሱ እዚያ የተቀመጠ ይመስል ውስጡን ያያሉ። ከዚያ መልሰው ይደፉትና ይናገራሉ። ሥራ ሲያዙ ደግሞ "ቀስ ብለን፤ ግን አሁኑኑ" የምትል አባባል ነበረቻቸው። ወታደሮቹ እርስ በርሳቸው እሷን እየደገሙ ይሳሳቁ ነበር።

በሰማኒያ ሦስት መንግሥት ሲወድቅ ነገሌ የነበረው ጦር ተበተነ። አዛዦቹ በመኪና፣ ወታደሩ በእግሩ፣ የዳዋን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሞያሌና ወደ ኬንያ ነጎደ። ባለቤቴም ሄደ። "እዚያ ደርሼ አስጠራሻለሁ" አለኝ፤ ሌላ ምን ይበል። ሰፈሩ ውስጥ የቀረነው ሴቶች፣ ሕፃናትና ጥቂት ቁስለኞች ነን። አጥሩ አለ፤ ጠባቂ የለም። ጦሩ በዚያ አገር ሁልጊዜ በጎ አልሠራም፤ የሰው ከብት ነድቷል፣ የሰው ልጅ ደብድቧል። አሁን ባለ ቂሙ ሁሉ እኛ ላይ ይወርዳል ብለን በር ዘግተን ተቀመጥን። ልጄን በአንሶላ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስተኝቻት እንደነበር ትዝ ይለኛል።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ አንድ ሰው ከደቡብ በኩል ባለው መንገድ ብቻውን በእግሩ ሲመጣ አየን። አቧራው ፊቱን ስለሸፈነው እስኪቀርብ አልለየነውም። ሻለቃ ይመር ናቸው። ከጦሩ ጋር ሄደው ነበር፤ ሁሉም ወደዚያ ሲሄድ እሳቸው ወደዚህ ተመልሰዋል። ከመካከላችን አንዷ፣ በአፏ የምትታወቅ፣ ወጥታ ጮኸችባቸው።

"ምን ረስተው ነው የተመለሱት?"

"እናንተን" አሉ ሻለቃ።

አንዷ ውኃ በጣሳ አመጣችላቸው። እሳቸው ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ታጠቡ፤ ቀና ሲሉ ሥራ ጀመሩ። ነገሌ ያኔ ድርቅ ላይ ነበረች። ከተማው ውኃ የሚያገኘው በአህያ እየተጫነ ነው፤ ጦር ሰፈሩ ግን የራሱ ጥልቅ ጉድጓድና ሞተር ነበረው። ሻለቃ በመጋዘን የነበረውን ቧንቧ ሁሉ አስወጡ። እኛ ሴቶቹ ተሸከምን፣ እሳቸው ገጠሙ፣ ክራንች የያዙት ቁስለኞች ሳይቀሩ መፍቻ አቀበሉ። ቧንቧው ከአጥሩ ውጭ መንገዱ ዳር ድረስ ተዘረጋና ጫፉ ላይ ቦኖ ተሠራ። ያቺው አፈኛ ጎረቤቴ "ውኃውንም ለሰው ከሰጠነው እኛ ምን ይቀረናል?" አለቻቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው አዩት።

"ውኃ የሚቀዳበትን ቤት ማንም አያቃጥልም" አሉ።

ሰዉ ከሰዓት በኋላ መጣ። ብዙ ነበር። ዱላ የያዘ አለ፣ ገጀራ የያዘ አለ፣ ወታደር ጥሎት የሄደውን ጠመንጃ ያነሳም አለ። ሻለቃ ሽጉጣቸውን ለእኔ ሰጥተውኝ ባዶ እጃቸውን ቦኖው አጠገብ ቆሙ። ሽጉጡን በነጠላዬ ሸፈንኩት። ሰዉ ሲቀርብ ምንም አልተናገሩም፤ ቧንቧውን ከፈቱት። ውኃው ሲወርድ ፊት የነበሩት ቆሙ፤ የኋላዎቹ ምን ተፈጠረ ብለው ተንጠራሩ። ከዚያ አንዲት ሴት ጀሪካኗን ልታመጣ ወደ ከተማው ሮጠች። እሷን ተከትሎ ሌላው ሮጠ። ያ ሁሉ ሕዝብ ዱላውን እንደያዘ ዕቃ ፍለጋ ሲሮጥ ያየሁት መቼም አይረሳኝም።

ሐጂ ኑር ያኔ ጎልማሳ ነጋዴ ነበሩ። ከሽማግሌዎች ጋር ሆነው ወደ ሻለቃ ቀረቡ።

"እርስዎ ውኃ ሰጡን። እኛስ ምን እናድርግ?"

"ሞተሩ ናፍጣ ይጠጣል" አሉ ሻለቃ። "ናፍጣው ሲያልቅ ውኃውም ያልቃል። እነዚህም ሴቶች እንግዶቻችሁ ናቸው።"

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ናፍጣው ከሐጂ መጋዘን ይመጣ ጀመር። የሰፈሩን በር የከተማው ጎረምሶች በተራ ይጠብቁት ነበር። ከመካከላችን አንዲት ሴት እንኳ አልተነካችም።

አዲሱ ጦር ሲገባ እንደ ሌሎቹ መኮንኖች ሁሉ ሻለቃን ለተሃድሶ ወሰዷቸው። ሐጂና ሽማግሌዎቹ ዋስ ለመሆን ብዙ ደጅ ጠኑ። ሲፈቱ ክረምቱ አልፎ ነበር፤ አጥንታቸው ቀርቶ፣ ልብሳቸው ሰፍቷቸው ከአውቶቡስ ወረዱ። የእኔም ባል ከኬንያ ተመልሶ ነበር። እሱ ነው የጠየቃቸው።

"ሻለቃ፣ አገርዎ አይገቡም እንዴ?"

"ገብቼ እኮ ነው" አሉት።

እንዴት ሀብታም እንደሆኑ ሲያወሩ ሰዎች ያጋንናሉ። እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የወፍጮ ሞተር ይጠግኑ ነበር። ከዚያ ጦሩ ሲሸሽ መንገድ ላይ የጣለውን፣ ግማሹ የተቃጠለ የጭነት መኪና ከመንግሥት በጨረታ ገዝተው አንድ ዓመት ሙሉ ሥሩ ተኝተው ኖሩ። እኔ ምግብ ቤቴን የከፈትኩት ከጋራዣቸው ጎን ነው፤ የመጀመሪያው ደንበኛዬ እሳቸው ናቸው። ምሳቸው ሁልጊዜ ፓስታ ነበር። መኪናው የተነሣ ዕለት ጀርባው ላይ የውኃ ታንከር ጭነውበት ቦቴ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ መኪና ተከተለ። እስከ ሞያሌ ከብት የሚጭኑ መኪኖች ገዙ፣ የነዳጅ ማደያ ከፈቱ። በደረቅ ወራት ግን የከብቱ ጭነት ይቆምና መኪኖቹ በሙሉ ውኃ ይጭናሉ። አባ ቢሻን የተባሉት ያኔ ነው። ኦሮምኛቸው የወሎ ዜማ ነበረው፤ ሰው ይስቅባቸዋል፣ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፤ መናገሩን ግን አይተዉም።

አንድ የድርቅ ዓመት አብሬያቸው ወደ ፊልቱ ሄጄ ነበር፤ እኔ ሩዝና ዘይት ልገዛ፣ እሳቸው ውኃ ሊያደርሱ። ቦቴውን ራሳቸው ይነዳሉ። መንገዱ መሐል ላይ ሁለት ጎሳዎች በአንድ የደረቀ ኩሬ ሰበብ ተጣልተው ሰው ሞቶ ነበር። እኛ አልሰማንም። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ በግራ በኩል መሣሪያ የያዙ ወጣቶች ወጡና አስቆሙን። ውኃውን ወደ እነሱ መንደር እንድናዞር አዘዙ። ሻለቃ መልስ ሳይሰጡ በቀኝ በኩል ካለው ቁጥቋጦ ደግሞ ሌሎቹ ወጡ። ሁለቱም ወገን ጠመንጃውን አቀባበለ። እኛ መሐል ነን።

"ከወንበሩ ሥር ውረጂ" አሉኝ። ወረድኩ። እሳቸው በሩን ከፍተው ወደ ውጭ ወጡ። በመስኮቱ ጥግ አጮልቄ አየሁ። ተራመዱ እንጂ አልሮጡም። ከታንከሩ ኋላ ሄደው መክፈቻውን ያዙና በኦሮምኛ ጮኹ። ያን ያህል ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

"ወይ ሁላችሁም ትጠጣላችሁ፣ ወይ መሬቱ ይጠጣል!"

ማንም አልተነቃነቀም። ከፈቱት። ውኃው አሸዋው ላይ መውረድ ጀመረ። በዚያ ዓመት፣ በዚያ አገር፣ ውኃ መሬት ላይ ሲፈስ ማየት ደም ሲፈስ ከማየት ይከፋል። ወጣቶቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አንዱ ጠመንጃውን ወደ ሻለቃ ደረት አዞረ፤ "ዝጋው!" አለ። ሻለቃ አልዘጉም። አፈሙዙን ሳይሆን ልጁን ዓይን ዓይኑን ያዩት ነበር። በዚህ መሐል ከቀኝ በኩል አንዲት አሮጊት እየጮኹ መጡ። የራሳቸውን ወገን ልጆች በያዙት በትር ይመቷቸው ገቡ። "ልጆቼ እየሞቱ ውኃ ታስደፋላችሁ?" ይላሉ። ከግራ በኩልም አንድ ሽማግሌ ወጥተው የልጁን ጠመንጃ አፈሙዝ በእጃቸው ወደ መሬት ተጫኑት። ያኔ ሻለቃ ዘጉት።

እዚያው መንገዱ ላይ ሁለቱም ወገን ተሰልፎ ቀዳ፤ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ። ሻለቃ ቆመው ተራ አስያዙ። እየቀዱም ሽማግሌዎቹ መነጋገር ጀመሩ። ዕርቁ በኋላ ነው የወረደው፤ መጀመሪያው ግን እዚያ ነበር።

ከዚያ ተንቀሳቀስን። ሻለቃ በመስታወቱ እየደጋገሙ ወደ ኋላ ያዩ ነበር።

"ጠመንጃውን ፈሩ?" አልኳቸው።

"እንዴት አልፈራ" አሉ። ማርሽ ቀይረው "ውኃ ስደፋ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ምን ያህል ሰው ያጠጣ ነበር" አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ ስለ ነፍሴ ሳስብ እሳቸው የሚያዝኑት ለፈሰሰው ውኃ ነበር።

ለምክር ቤት እንዲወዳደሩ የጠየቋቸው ሽማግሌዎቹ ናቸው። ከአሬሮ የቦረና ሽማግሌ የሆኑት ጃርሳ ዋሪዮ ድረስ መጡ። ንግግሩ የተደረገው እኔ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ሻለቃ አልፈለጉም።

"እኔ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለሁም። የተጠላ ጦር መኮንንም ነበርኩ። የራሳችሁን ሰው ላኩ" አሉ።

ጃርሳ ዋሪዮ በትራቸውን መሬት ላይ አስደግፈው ሳቁ። "አቲ ከን ኬኛ" አሉ፤ አንተ የእኛ ነህ ማለታቸው ነው። በአማርኛ ቀጠሉ። "ተወላጅ ብዙ አለን። ሁሉም መናገር ይችላል። ዝም ማለት የሚችል ሰው ነው የቸገረን።"

በግል ተወዳድረው አሸነፉ። አዲስ አበባ ሲሄዱ ያለቻቸውን አንድ አሮጌ ኮት አስተኩሰው ነበር። ስብሰባ በሌለ ጊዜ ሁሉ ይመጣሉ፣ ጋራዥ ይገባሉ፣ ዘይት በዘይት ሆነው ምሳ ይበላሉ።

ኋላ አንድ ትልቅ ኩባንያ ከአሬሮ ወዲህ ያለውን ሰፊ የግጦሽ መሬት አጥሮ ከብት ሊያረባ ነው የሚል ወሬ መጣ። መሬቱ በበጋ የመንጋው ሁሉ መጠጊያ ነው፤ ኤላ የሚባሉት፣ አባቶች በእጃቸው የቆፈሯቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ያሉት እዚያ ነው። አጥሩ ከተሠራ መንጋው ያልቃል፤ መንጋው ካለቀ ሰዉ ይበተናል። የኩባንያው ሰዎች ሻለቃን ፍለጋ ነገሌ መጡና እኔው ቤት ምሳ ጋበዟቸው። ሽርክና አቀረቡላቸው፤ የከብቱን ጭነት ሁሉ የሻለቃ መኪኖች ብቻ እንዲጭኑ። እኔ ሳህን እያነሳሁ ሰማሁ።

"ከእርስዎ የምንፈልገው ትንሽ ነገር ነው" አለ አንደኛው። "ዝም ማለት ብቻ።"

ሻለቃ ኮፍያቸውን አውልቀው እንደ ልማዳቸው ውስጡን አዩ። ያን ቀን ረጅም ጊዜ አዩት።

"ዝም ማለት እችልበታለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ለዚህ ግን አልችልም። ምሳውን እኔ ከፍያለሁ።"

ዕቅዱ በምክር ቤት የሚነሣ ቀን ምግብ ቤቴ ሞላ። ቴሌቪዥኑ ፊት ቦረናው፣ ሱማሌው፣ የወታደር ቤተሰቡ፣ ነጋዴው ተጨናንቆ ቆመ። ጃርሳ ዋሪዮና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ፊት ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። ሻለቃ ዕድል ተሰጣቸውና ተነሡ። በቴሌቪዥን ሲታዩ ያረጁ መሰሉኝ።

"ክቡር አፈ ጉባዔ፣ ይህ መሬት በካርታው ላይ ባዶ ተብሏል" አሉ። "ባዶ አይደለም። ጉድጓዶች አሉት። እያንዳንዱ ጉድጓድ ስም አለው፤ የሚያጠጣው ሕዝብ አለው። ስማቸው በዚህ ቤት መዝገብ እንዲሰፍር እፈልጋለሁ።"

ከዚያ የጉድጓዶቹን ስም ይጠሩ ጀመር። ወረቀት አልያዙም። አንድ ስም ሲጠሩ ከመካከላችን አንዱ ሽማግሌ "ኬኛ!" ብሎ ተነሣ። የእኛ ነው ማለቱ ነው። ሌላ ስም ሲጠሩ ሌላው ተነሣ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ጠፋ። ጃርሳ ዋሪዮ የአባታቸው ጉድጓድ ሲጠራ ቆመው ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። አፈ ጉባዔው ጊዜያቸው ማለቁን አስታወሷቸው።

"እኔ ጨርሻለሁ፣ ክቡር አፈ ጉባዔ" አሉ ሻለቃ። "ጉድጓዶቹ ግን አላለቁም።" እና ተቀመጡ።

ዕቅዱ እንደገና ይጠና ተባለ። ተጠናም አልተጠናም፣ ስለ አጥሩ ከዚያ ወዲህ የሰማ የለም። መንጋው ዛሬም እዚያ ይጠጣል።

ሻለቃ ግን ዋጋውን ከፈሉ። ማን እንዳዘዘ ባይታወቅም ማደያቸው በአንድ ሰበብ ታሸገ። የመኪኖቹ ፈቃድ ሳይታደስ ዋለ አደረ። ጭነት የሚሰጧቸው ነጋዴዎች አንድ በአንድ ራቁ፤ ከሐጂ ኑር በቀር። በሚቀጥለው ምርጫ አልተወዳደሩም። ከአዲስ አበባ በሕዝብ አውቶቡስ ተመለሱና መኪኖቻቸውን ሸጡ፤ ያቺን የመጀመሪያዋን ቦቴ ብቻ አስቀሩ።

"አይቆጭዎትም?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ይቆጨኛል እንጂ፤ ሰው አይደለሁ?" አሉ። "መኪኖቹን እወዳቸው ነበር።" ሹካቸውን አንሥተው ፓስታቸውን በሉ። ስለዚህ ነገር ሁለተኛ ሲያነሡ አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት የገጠር ውኃ ሞተር ሲጠግኑ ኖሩ፤ ልብ ሕመም እስኪጥላቸው ድረስ።

አስከሬናቸውን ሆስፒታል አቆይተን ስንጠብቅ ታላቅ ወንድማቸው ከወሎ ሚኒባስ ተከራይተው መጡ። በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። "ወንድሜን አባቱ አገር ወስጄ ልቀብረው ነው የመጣሁት" አሉ። ማንም አልተቃወመም። ሐጂ ኑር "ደሙ የእርስዎ ነው፤ ያዘዙንን እናደርጋለን" አሉ። ጃርሳ ዋሪዮ ግን "እኛም እንሸኛለን" አሉ።

"እስከየት?"

"እስከ ወሎ።"

"መንገዱ ምን ያህል እንደሆነ ያውቁታል?"

"አላውቅም" አሉ ጃርሳ ዋሪዮ። ውጭ መኪኖች ቆመዋል፤ ሰዎች ብርድ ልብስና ስንቅ እየጫኑ ነበር።

ወንድማቸው ሻለቃ ይኖሩበት የነበረውን ቤት አሳዪኝ አሉኝ። ከጋራዡ ኋላ ያለችውን ክፍል ከፈትኩላቸው። አልጋ፣ ወንበር፣ ሬዲዮ፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ኮት።

"ይህ ብቻ ነው?"

"ይህ ብቻ ነው።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። በሩ ክፍት ስለነበረ ግቢውን የሞላው ሰው ይታያል። አንዲት ቦረና ሴት፣ አማርኛ የማታውቅ፣ ገብታ እጃቸውን ያዘችና ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ምን እንደምትል አልገባቸውም። እኔም አልተረጎምኩላቸውም። ሲቆዩ ሲቆዩ ጭንቅላቷን ዳሰሷት።

"እዚሁ ይረፍ" አሉ። "ብወስደው ይታዘበኛል።"

ቃሬዛውን ሐጂ ኑርና ልጆቻቸው ሳይቀሩ እየተቀባበሉ ተሸክመውት ቤተ ክርስቲያን ቀበርናቸው። ወንድማቸው እስከ አርባው እኔ ቤት ቆዩ። ሰው ሁሉ እየመጣ ስለ ሻለቃ ያወራላቸዋል፤ የቦኖውን፣ የፊልቱን መንገድ፣ የጉድጓዶቹን ስም። እሳቸው ያዳምጣሉ። የሚሄዱ ዕለት መኪናው ተነሥቶ እየጠበቃቸው ወደ እኔ ዞሩ።

"አስካለ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" አሉኝ። "ይመር ልጅ ሳለ ፈሪ ነበር። የሚያስቅ ፈሪ። ነጎድጓድ ሲሰማ እኔ ጋቢ ውስጥ ይገባ ነበር። የጎረቤት ውሻ ከጮኸ መንገድ ይቀይራል። አባታችን 'ይህ ልጅ ሰው አይሆንልኝም' ብሎ አልቅሶበታል።" ምርኩዛቸውን አጥብቀው ያዙ። "አንቺ ይህን ሁሉ ዓመት አብረሽው ኖረሻል። ያን ልብ ከየት አመጣው?"

አላውቅም አልኳቸው። እስከ ዛሬም አላውቅም።